ያልጠየቅሁት ዓምድ

የማያምን አይመነኝ። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ጨለማ የለም፣ ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ ወጥታለች። የሆስፒታል ኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ፤ ክፍሌ ከሕሙማን ማረፊያው ሥር ነው።

አንድ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ ሲጻፍለት የተኙትን ሕሙማን ዝርዝር ያወጣል... አሥራ አራት ዓምድ።

አንድ ቀን ዋናዋ ነርስ መጡ። ሁላችንም "እትዬ" ነው የምንላቸው።

"ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ዓይኔን ሊያጠፋው ነው። ስምና አልጋ ብቻ አውጣልኝ።"

ምርጫ ጨመርኩበት። ከትእዛዙ ቀጥሎ የሚፈልጉትን ዓምድ ይጽፋሉ፣ ሌላው ይቀራል።

"እጅህ ይባረክ!" አሉኝ።

ከሚቀሩት አንዱ "የማይስማማው መድኃኒት" የሚለው ነበር። አስተውዬዋለሁ። በየሕመምተኛው ካርድ ላይ አለ ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ታማ ገባች። አልጋ አሥራ ሰባት። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ኮምፒውተሩ ላይ በገዛ እጄ መዘገብኩ። ነርሶቹ የሚያዩት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ስምና አልጋ ብቻ ነበር...

የፔኒሲሊን መርፌ ወጓት። ከምሳ በፊት ሞተች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ጥፋቱ እትዬ ላይ ወደቀ፤ ተባረሩ። ሲወጡ ክፍሌ በር ላይ ቆመው አዩኝ። እኔ ስክሪኔን አየሁ። ዓምዱንም አልመለስኩትም፤ ብመልሰው ጥፋቴን ማመኔ ነው። እናቴን ከመዝገቡ አጠፋኋት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፣ ይነቅዛል።

ያን ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ አዲሷ ነርስ ዝርዝር ፈልጋ መጣች። ጻፍኩ... ስም፣ አልጋ።

አልጋ አሥራ ሰባት ወጣ። ማንም ያልተኛበት አልጋ መውጣት አልነበረበትም።

በስም ፋንታ "ፔኒሲሊን" ይላል።

አልጋ ብቻ ብዬ ሞከርኩ። ቁጥሮቹ ተደረደሩ... ከአሥራ ሰባት ጎን "ፔኒሲሊን"።

የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ስህተት የለበትም።

ምርጫውን ከነጭራሹ አጠፋሁት። አሁን አሥራ አራቱም መውጣት አለባቸው።

ቆጠርኩ... አሥራ አምስት።

የመጨረሻው አናት ላይ "እያወቀ ዝም ያለ" ይላል። እንዲህ የሚል ዓምድ አልፈጠርኩም።

ወደ ታች ባዶ ነው... ባዶ... ባዶ...

አሥራ ሰባት ላይ የቤት ስሜ አለ። እናቴ ብቻ የምትጠራኝ ስም ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

"ወጣ?" አለች ነርሷ።

"አልወጣም..."

"ወጥቷል እኮ፣ ጋሼ።" ከፕሪንተሩ ላይ ወረቀቱን አነሳች። ሳላዘው አትሞታል።

ጣቷን ወደ ታች እየሳበች ሄደች። ቆመች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ የቤት ስሜን አነበበችው።

"ይሄ... ማነው?"

ዝም አልኩ።

ከበላያችን፣ ከባዶው አልጋ፣ የሕመምተኛ መጥሪያው ደወል መጮህ ጀመረ።