አሸዋ ላይ የቀሩት በሽተኞች

አቶ ሽጉጤ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ እንዳለ፣ ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ዓመት ሙሉ የሠሯት ትንሿ የእንፋሎት መርከብ ሞዴል የጎን መንኮራኩሮቿን ታሽከረክራለች።

ኮሮና የደቡብ አፍሪካዋን ጀርሚስተን ያስለቀሰበት ሐምሌ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በፈረቃ የሚጠፋውን መብራት ወቅሶ «ሎድሼዲንግ ገደላቸው» አለ። መርማሪ ነጂባ ግን ጠረጴዛው ስር አጎነበሰች። የመርከቧ የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቷል፤ የኦክስጅን ማሽኑ ገመድ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጥሏል።

«እርስዎ ነቀሉት?» አለቻቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሻሽወርቅን።

«ኧረ በጭራሽ! ጁነይድ ሱቅ ነበርኩ። መብራት እንደጠፋ መጠባበቂያውን ሲሊንደር ልከፍትለት ሮጬ መጣሁ። ትንፋሽ የለውም። ኋላ መብራቱ ሲመለስ መርከቧ ስትዞር... የነቃ መሰለኝ።»

«ሲወጡ ምን እየሠሩ ነበር?»

«የሸክላ ሰዎች እያጣበቀ። እውነተኛዋ መርከብ ድሮ በረሃ ለሚዘረጋ የቴሌግራፍ መስመር ምሰሶና ሽቦ በወንዝ ስታመላልስ፣ ወባ የያዛቸውን ሠራተኞች አሸዋ ላይ ጥላቸው ትሄድ ነበር። የእነሱን ምስል ዛሬ ገና ነው አውጥቶ መርከቧ አጠገብ የደረደረው።»

«ለሰው ደውለው ነግረው ይሆን?»

«ስልኩ እኔ ጋ ነበር።»

ባለሱቁ ጁነይድ የቤቱን የፊት ክፍል ተከራይቶ ይነግዳል። «የመርከቧ ድምፅ እንቅልፍ ነስቶኝ ከጋሼ ጋር ተጨቃጭቀናል» አለ ሳይደብቅ። «ግን እቴቴና እኔ ደንበኛ እያስተናገድን ነበር።»

የመርከቧን ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጀው፣ ክፍሉ የሚባለው ሰው፣ ደጅ እንደቆመ ማስኩን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። «አንኳኩቼ መልስ ሳጣ ተመለስኩ። ኮቪድ እፈራለሁ፣ አልገባሁም። ተጣልተናል፣ አልዋሽም። መርከቧን ጀግና አድርገን ልናሳይ ነበር፤ ጋሼ ግን በሽተኛ ደርድረው መቃብር አስመሰሏት!»

ነጂባ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ወይዘሮ የሻሽወርቅ መብራት እንደጠፋ ደረሱ፤ አቶ ሽጉጤ ግን ቀድመው ሞተዋል። ስለዚህ ገመዱ የተነቀለው መብራት እያለ ነው። የነቀለው ሰው ሎድሼዲንግ የሚገባበትን ሰዓት ያውቃል፤ ጥፋቱ በመብራቱ እንዲሳበብ ፈልጓል። ሁለቱ ሱቅ ነበሩ። ክፍሉ፣ ሳትገባ የሸክላ በሽተኞቹ መደርደራቸውን እንዴት አወቅክ? ሙጫቸው እስካሁን አልደረቀም።»

ክፍሉ ትከሻውን ነቀነቀ። «መርከቧ በሽተኛ ስታስታምም ብትውል ሽቦው ይዘረጋ ነበር? ሥራው እንዳይቆም የሚተው ሰው ይተዋል። ጋሼም እንደሁ የሚድኑ አልነበሩም።»

ጁነይድ ዘሎ አንገቱን ሊያንቅ ሲል ነጂባ ገፋችው፤ የክፍሉን እጆች በካቴና አሰረች።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከሶፋው አልተነሱም። «ጠራኝ?» አሉ።

«ብዙ ጊዜ» አለ ክፍሉ። «ድምፃቸው ወደ ሱቁ እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጋሁት።»