በለሀጭ ጨርቁ ውስጥ የቀረው የመርፌ ጫፍ

ጉንጬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ጉንጮቿ ድቡልቡል ስለሆኑ ነው ቤተሰቦቿ እንዲህ የሚሏት። የምትኖረው ከእናቷ ጋር፣ ከእናቷ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። እዚያ ቤት ክር የሌለበት ቦታ የለም፤ ሾርባ ውስጥ ሳይቀር ክር ይገኛል!

ታላቅ እህቷ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ሕፃኑ አምስት ወሩ ነው። ጥርስ ሊያበቅል ስለሆነ ለሀጩ እንደ ቧንቧ ይወርዳል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው።

"እማዬ፣ የለሀጭ ጨርቅ ልስፋለት?" አለች ጉንጬ።

"አንገቱ ላይ የሚታሰረውን? ስፊለት እንጂ! ግን መርፌ ከጠፋብሽ ወይም ከተሰበረብሽ መጀመሪያ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ።"

"እሺ እማዬ።"

ጉንጬ ከሱቁ ቁርጥራጭ ጨርቆች ቆንጆ ቆንጆዎቹን መረጠች። አሥራ ስድስት ትንንሽ አራት ማዕዘን ቆርጣ ገጣጠመች። ከሥራቸው ስስ ጥጥ አነጠፈች፤ ከጥጡ ሥር ደግሞ ለስላሳ ፎጣ አደረገች። ሦስቱንም አንድ ላይ ሰፍታ የአንገት ማሰሪያ ቀጠለችላቸው። ከዚያ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በቀይ ክር፣ የዶሮ እግር በሚመስል ጥልፍ አስጌጠች። አራት ቀን ሙሉ! ጣቷ ተበሳሳ።

መጨረሻው ጥግ ላይ ስትደርስ ጨርቁ ወፈረባት። መርፌውን ገፋችው። ቀጭ! ተሰበረ። ጫፉ የለም። ቀሚሷን አራገፈች፤ ወለሉን ዳበሰች። የለም።

"ጥጡ ውስጥ ገብቶ ይሆን?" ብላ ደነገጠች። ለመፈለግ ደግሞ ያን ሁሉ ጥልፍ መፍታት ሊኖርባት ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቶሎ አትመልሱልኝ፤ እስቲ አስቡበት።

ወዲያው ከሱቁ በኩል የእህቷ ድምፅ ተሰማ፤ ሕፃኑን ይዛ መጥታለች። ጉንጬ የተሰበረውን መርፌ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለች።

"ውይ! እጅሽ ይባረክ!" አለች እህቷ ጨርቁን እያገላበጠች።

"መርፌሽንስ መለስሽ?" አለች እናቷ።

"መልሻለሁ" አለች ጉንጬ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

እህቷ ጨርቁን ሕፃኑ አንገት ላይ አሰረችው። ሕፃኑም ጥጉን ያዘና ወደ አፉ ወሰደው። እናትና እህት ሳቁ። ጉንጬ ግን ወደ ሕፃኑ ሮጠች።

"አውልቂለት!" ብላ ጮኸች። "መርፌ አለበት! ዋሽቻለሁ!"

እህቷ ጨርቁን ፈታ ወረወረችው። የልጁን አፍ ከፍታ አየች። ደህና ነው። እናቷ የወደቀ መርፌ የምትለቅምበትን ማግኔት አምጥታ ጨርቁ ላይ ቀስ ብላ አሳለፈችው። ጥጉ ላይ ሲደርስ ያዝ አደረገው። ስፌቱን ስትፈታው የመርፌው ጫፍ ብቅ አለ። ሕፃኑ ያኝከው ከነበረው ቦታ አንድ ጣት እንኳ አይርቅም።

ማንም አልጮኸባትም። እህቷ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

"እህቴ፣ ይቅር በይኝ" አለች ጉንጬ እያለቀሰች። "ጥልፉ እንዳይፈታብኝ ብዬ ነው።"

"ከልጄ ጥልፉ በለጠብሽ?"

ጉንጬ ጨርቁን አስቀመጠች። ወደ ውስጥ ገብታ ተንበረከከች። "እግዚአብሔር ሆይ፣ ውሸቴን ይቅር በለኝ። ሕፃኑን ስለጠበቅህልኝ አመሰግንሃለሁ" አለች።

በማግስቱ፣ ሌላ ስባሪ ቀርቶ እንዳይሆን፣ እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጥልፉን ሁሉ አብራት ፈታች። እንደገና ለመስፋት ጉንጬን ሦስት ቀን ፈጀባት። በሚቀጥለው ሳምንት እህቷ መጥታ ጨርቁን ተቀበለችና እያንዳንዱን ቁራጭ በጣቶቿ መካከል ጨመቅ ጨመቅ እያደረገች ፈተሸችው። ጉንጬ አልከፋትም፤ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆማ ጠበቀች።

እህቷ ቀና አለችና፣ "ነይ፣ አንቺው እሰሪለት" አለቻት።

ልጆቼ፣ የደበቅነው ጥፋት የምንወደውን ሰው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ስናጠፋ ቶሎ እውነቱን እንናገር።