አሥረኛው ምልከታ

የጽዳት ሠራተኛዋ ቃል እንዲህ ይላል፦ «በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሁለተኛ ፎቅ መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር። ከኋላ ያለችው ወንበር ባዶ ነበረች። ጋሼ ሚዛን አልነበሩም። ዓይኔ ገና አልደከመም።»

የእጩ መምህሩ ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ ሚዛን ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ከደወል እስከ ደወል ከኋላ ተቀምጠው ትምህርቴን ተመለከቱ። ቅጹን አስሞልተውኝ፣ ፈርመው ወጡ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።»

የፖሊስ ኮማንደሯ ሁለቱን ወረቀቶች በርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ ብዙ ቆየች። ጋሼ ሚዛን የትምህርት ቤቱ አንጋፋ የሳይንስ መምህር ነበሩ። ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ ስለሚመዝኑት ተማሪዎች ያወጡላቸው ስም ነው። ትናንት በምሳ ሰዓት በኋላው ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ሞተዋል ከማለት አልፎ ሰዓቱን ማጥበብ አልቻለም። ጭንቅላታቸውን የደረጃው ጠርዝ መትቷቸዋል። የትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ «አደጋ ነው» ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በዚያ ደረጃ ወርደው አያውቁም፤ ደረታቸውም ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ በልዟል።

«የማንን ቃል ልመን?» አለች ኮማንደሯ።

«የምልከታ ቅጹን ነዋ» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ፊርማ አለበት። እትዬ ደግ ሴት ናቸው፤ ግን አንዱን ቀን ከሌላው ያምታታሉ።»

«ተማሪዎቹስ?»

«ግማሾቹ ‹ነበሩ› አሉ፤ ግማሾቹ ‹አልነበሩም›። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ የሚቀመጥን ሰው ማን ዞሮ ያያል? እሳቸውና ወንበሩ አንድ ሆነዋል።»

ከዚያ ስለ ቅጹ አስረዳት። እጩ መምህሩ የማስተርስ ዲግሪውን ከመምህርነት ፈቃድ ጋር ነው የሚያገኘው። ኮርሱን ኮሌጅ ጨርሶ ለልምምድ እዚህ መጣ። አማካሪው ጋሼ ሚዛን አሥር ጊዜ ሲያስተምር ሊያዩት ይገባል። አሥር ቅጽ ከሞላ ዲግሪውም ፈቃዱም ይወጣል፤ ዘጠኝ ከሆነ ግን ሁለቱም የሉም፤ ልምምዱ ከዓመቱ መጀመሪያ እንደገና ነው። የመጨረሻው ማስረከቢያ ቀን ትናንት ነበር።

ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው፦ በግራ «የታቀደ»፣ በቀኝ «የታየ»። ሁለቱም በእጩ መምህሩ እጅ የተጻፉ ናቸው።

«ቀኙን አማካሪው አይደል የሚጽፈው?»

«የጋሼ ሚዛን እጅ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው እየተናገሩ ልጁ ይጽፋል። ‹ጥፋትህን በራስህ እጅ ጻፈው፤ ያኔ አትረሳውም› ይሉት ነበር። አንዱን ቅጽ ለመሙላት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ነው የሚፈጅባቸው።»

ኮማንደሯ አሥሩንም ቅጾች ገለበጠች። በዘጠኙ ላይ ግራና ቀኙ ዓይንና ናጫ ናቸው። ስድስተኛው ላይ «ዕቅዱን ጨረሰ፤ ተማሪዎቹን ግን ጥሏቸው ሄደ» ይላል። አሥረኛው ላይ የታቀደውና የታየው ቁርጥ አንድ ነው።

እጩ መምህሩን በመምህራን ክፍል ጥግ አገኘችው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ስምንቱን ዓመት ያለ ፈቃድ አስተምሯል፤ ቋሚው መምህር ሲታመም ይጠራል፣ ሲድን ይሰናበታል።

«ትናንት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የት ነበርክ?»

«ከጸሐፊዋ ጋር ጥያቄ ሳባዛ ነበር። እሷን መጠየቅ ይቻላል።»

«በሦስተኛውስ ምን አስተማርክ?»

«ስለ መንሳፈፍና መስጠም።»

«እንዴት ሄደ?»

«እንደ ዕቅዱ።» ጣቶቹን ያፍተለትላል። «አሥር ደቂቃ ክለሳ፣ አሥር ደቂቃ ገለጻ፣ ሃያ ደቂቃ የቡድን ሥራ፣ ከዚያ ማጠቃለያ።»

«ታድለሃል። እኔ ሁለት ልጆቼን እንኳ በዕቅድ አስተኝቼ አላውቅም።»

አልሳቀም። «ኮማንደር፣ ሚስቴ ሁለት ዓመት ቤቱን ብቻዋን ተሸክማለች። ትናንት ስገባ በሩን ከፍታ ‹አሥር ሞላ?› ነው ያለችኝ። ሞላ አልኳት።»

ሞላ ያለው ግን እንደ ሞላለት ሰው አልነበረም። ኮማንደሯ ይህን ልብ አለች።

የጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደሩ ላይ መጥረጊያዋን ተደግፋ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ እዚያ በር ላይ ምን ወሰደዎት?»

«ባልዲዬ ነዋ። አንዲት ተማሪ እያለከለከች መጥታ ‹እማማ፣ ባልዲ ከነውሃው ይስጡን› አለችኝ። ምን ልታጥቡበት ነው ብላት ‹መርከብ ልናሰጥምበት› አትለኝም? ባልዲዬን ደግሞ ለማንም አምኜ አልሰጥም፤ ራሴ ተሸክሜ ወሰድኩላቸው።»

«ከዚያስ?»

«ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነስተው ተንጋግተዋል። መምህሩም እጅጌውን ሰብስቦ እንደነሱ ልጅ ሆኗል። ወንበሯ ባዶ። ጋሼ ሚዛን ይህን ሳያዩ የት ሄዱ ብዬ አዘንኩ።»

«ይህን ሁሉ ለፖሊሱ ነግረውታል?»

«‹ወንበሩ ባዶ ነው አይደለም?› አለኝ፤ መለስኩለት። ስለ ባልዲ ማን ጠየቀኝ?»

ኮማንደሯ ወደ ክፍሉ ገብታ የተማሪዎቹን ደብተር አስሰበሰበች። የቡድን ሥራ የሚባል ነገር በአንዱም የለም። ከገለጻው ቀጥሎ በሁሉም ላይ ባልዲና በውስጡ የቆርቆሮ ጀልባ ተስሏል። አንዷ ከሥዕሉ በላይ «ብረት የሚሰጥም ከሆነ መርከብ ለምን አይሰጥምም?» ብላ ጽፋለች። ደብተሮቹን መልሳ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ አየች። ሰሌዳ የለውም። አራት ምስማርና የተንጠለጠለ ቡናማ ወረቀት ብቻ ነው።

«ሰሌዳው የት ሄደ?»

«ዓመቱ ሲጀምር ተሰንጥቆ ወረደ» አለች ደብተር የምትሰበስበው ተማሪ። «መምህር ወረቀቱ ላይ ነው የሚጽፍልን።»

የኮሌጁ ተቆጣጣሪ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነበር። ሁሉም ዶክተር ይለዋል። እጩ መምህሩን አራት ጊዜ ክፍል ገብቶ አይቶ ለኮሌጁ ሪፖርት ማድረግ የእሱ ሥራ ነው።

«ትናንት የት የት ነበሩ፣ ዶክተር?»

«በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ደርሼ ግቢውን ተዘዋወርኩ። ከሦስተኛው ደወል ጀምሮ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ነኝ። ሦስተኛው እንዳለቀ በእረፍቱ ለአምስት ደቂቃ ወጥቼ ከልጁ ቅጹን ተቀበልኩ፤ ሬሳው እስኪገኝ ድረስ ከዚህ አልተነሳሁም።»

«ጋሼ ሚዛንን አላገኟቸውም?»

«አልታደልኩም።»

«አራቱንም ጊዜ ክፍል ገብተው ነው ያዩት?»

«ሪፖርቴ እጅዎ ላይ ነው።»

እጇ ላይ ነበር። አራቱም ሪፖርቶች ላይ «የሰሌዳ አጠቃቀሙ ንጹሕና የተደራጀ ነው» ይላል። ዶክተሩ ሲወጣ ርዕሰ መምህሩን ለብቻው አስቀረችው። እሱም እያመነታ ጋሼ ሚዛን ሰኞ ዕለት ያሉትን ነገራት። «‹ያ ተቆጣጣሪ አንድ ቀን እንኳ ክፍል ገብቶ ከጎኔ አልተቀመጠም፤ ለኮሌጁ ልጽፍ ነው፤ አስቀድሜ ግን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ› ብለውኝ ነበር። ነገር ላለማብዛት ነው የተውኩት።»

«ነገሩስ በዛ» አለች ኮማንደሯ።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ከወጡ ወዲያ ርዕሰ መምህሩን፣ እጩ መምህሩን፣ ዶክተሩንና የጽዳት ሠራተኛዋን ሰሌዳ በሌለው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የተማሪ ዴስክ ለዶክተሩ ጉልበት ጠቦት ወደ ጎን ዞሮ ተቀመጠ። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተመቻችታለች። «ተምሬ ቢሆን እዚህ ነበር የምቀመጠው» አለች።

ኮማንደሯ ፊት ለፊታቸው ቆመች። «ከቅጹ ልጀምር። ደቂቃ በደቂቃ ተጽፏል፤ ግን ባልዲ የለበትም። አርባ ደብተር ላይ የተሳለ፣ እትዬ በእጃቸው ያመጡት ባልዲ እንዴት ከኋላ የተቀመጠ ሰው አያየውም? ያውም ጋሼ ሚዛን? እንግዲህ እሳቸው እዚህ አልነበሩም። እትዬ ምንም አላምታቱም።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ርዕሰ መምህሩን ዞራ አየችው። እሱ ጫማውን አየ።

«ሁለተኛ፣ አንድ ቅጽ ለመሙላት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ይህ ግን በአምስት ደቂቃ እረፍት ውስጥ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ተሰጥቷል። ‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል› ነው። ወንድሜ፣ አንተ ነህ የጻፍከው። የሆነውን እንኳ አልጻፍክም። ዕቅዱ ስለ ፈረሰብህ አፍረህ የተመኘኸውን ትምህርት ጻፍክ።»

እጩ መምህሩ አንገቱን ደፋ።

«ግን አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። ሐሰተኛ ፊርማ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። ጋሼ ሚዛን ከጎን ካለው ክፍል ብቅ ቢሉ ‹ይህን መቼ ፈረምኩ?› ይሉሃል። ስምንት ዓመት የታገሠ ሰው በአምስት ደቂቃ እንዲህ አይደፍርም፤ የደፈረው አንድ ሰው ‹ፈቅደውልሃል› ስላለው ነው። ያኔ ሬሳው ገና አልተገኘም ነበር። እንዲህ ማለት የሚችለው ጋሼ ሚዛን ተመልሰው እንደማይመጡ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በዚያ እረፍት ከልጁ ጋር የነበሩት ማን ነበሩ፣ ዶክተር?»

«ቅጽ ልቀበል ነው የሄድኩት» አለ ዶክተሩ ረጋ ብሎ።

«አዎ፤ ቅጹም ለልጁ ሳይሆን ለእርስዎ ነው የጠቀመው። ጋሼ ሚዛን ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ በሕይወት ካለፉ እርስዎ ከደሙ ንጹሕ ነዎት፤ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ነበሩ። ካላለፉ ግን፣ በሕይወት ቢኖሩ የመጨረሻውን ምልከታ አይቀሩበትም ነበርና፣ የሞቱት በሁለተኛው ነው። ያኔ ልጁ ከጸሐፊዋ ጋር ነበር፣ ርዕሰ መምህሩ ከወላጆች ጋር ተሰብስበው ነበር፣ እትዬ ግቢ ውስጥ ዘበኛው እያያቸው መስኮት ያጥቡ ነበር። ብቻውን ሲዘዋወር የነበረው አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው አራት ጊዜ አየሁ ያለበት ክፍል ደግሞ ይኸው፤ ሰሌዳውን ያሳዩኝ።»

ዶክተሩ ወደ ግድግዳው ቀና አለ። ከገቡ ጀምሮ ልብ ብሎ ያየው አሁን ነበር።

«ጋሼ ሚዛን ለኮሌጁ ከመጻፋቸው በፊት ፊት ለፊት ሊነግሩዎት ፈለጉ። እርስዎም ሰው ወደማያልፍበት ደረጃ ወሰዷቸው። ለመግደል አስበው እንደሆነ አላውቅም። መግፋትዎን ግን ደረታቸው ይናገራል።»

ዶክተሩ ከዴስኩ ተነስቶ ኮቱን አስተካከለ።

«ይህ ሁሉ ግምት ነው፣ ኮማንደር። ሪፖርቴ ላይ ስንፍና ካለ ኮሌጁ ይጠይቀኛል። ልጁ ግን ቃሉን ሰጥቷል፤ ቅጹም ተፈርሟል።» ወደ እጩ መምህሩ ዞረ፤ ድምፁን እንደ አባት አለሰለሰ። «አሥር ምልከታ አለህ። በዚህ ሳምንት ዲግሪህም ፈቃድህም እጅህ ይገባል። ሰው በአደጋ ሞተ፤ ያሳዝናል። አንተ ምን አጠፋህ? ሚስትህን አስብ።»

ኮማንደሯ አልከለከለችውም። ያለ ልጁ ቃል የያዘችው ባልዲና ምስማር እንደሆነ ታውቃለች። ልታስገድደውም አልፈለገችም፤ የሚያጣው የእሷ አይደለም።

እጩ መምህሩ ተነሳ። እግሩ ዴስኩን መትቶት አንዴ ተንገዳገደ።

«በእረፍቱ ዶክተሩ መጣ» አለ። «‹ጋሼ ሚዛን አሟቸው ወደ ቤት ሄደዋል፤ ቅጹን እንድትሞላውና እንድትፈርምላቸው ነግረውኛል› አለኝ። እኔም አመንኩት፤ ማመን ፈልጌ ነበር። ምሳ ላይ መሞታቸውን ስሰማ ገባኝ። ገብቶኝም ዝም አልኩ።» ከኋላ ወዳለችው ወንበር ዞረ። «ትናንት ልጆቹ በጥያቄያቸው ይዘውኝ ሄዱ፤ ዕቅዱን ረሳሁት። እሳቸው ግን አላዩልኝም። ማንም አላየውም።»

«ዓመቱን ትደግማለህ» አለ ርዕሰ መምህሩ ቀስ ብሎ። «ያውም ቅጽ አጭበርብረህ፤ ኮሌጁ ጭራሽ ላይመልስህ ይችላል።»

«አውቃለሁ። ዛሬ ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ለኮሌጁ እነግራለሁ፤ ያለኝ ዘጠኝ ነው።»