ያልተሰነጠቀው ሽፋን

ቀማሚው በቅባት መሥሪያ ክፍሉ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ፊቱ ላይ የተቀባው አዲሱ የፀሐይ መከላከያ ደርቆ እንደ ስስ ላስቲክ ያብረቀርቃል። ቅባቱን የቀላቀለችው ሚስቱ ስለነበረች ሁሉም ጣቱን እሷ ላይ ቀሰረ። በር ላይ የቆመው ፖሊስም ሊወስዳት ትእዛዝ ይጠብቃል።

መርማሪዋ ሻምበል ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዓይነት መልስ እየሰማች ትዕግሥቷ ተሟጠጠ። የድርጅቱ ባለቤት፣ የሟች ታላቅ እህት፣ ወንድሜን የጨረሰው ፖሊመሩ፣ ያ ቅባቱን እንደ ላስቲክ የሚያደርቀው ንጥረ ነገር ነው አሉ። «አፈ ቅቤ» የሚሉት፣ የደንበኞችን ፊት እየቀባ የሚሸጠው የሽያጭ ሠራተኛም ቅባቱ ቆዳ ሰርስሮ ደም ውስጥ ገባ ብሎ ምሎ ተገዘተ። ሻምበልን ሊያለዝብ ፈልጎ ከኪሱ የእጅ ማለስለሻ አወጣ፤ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ግራ እጁ ጀርባ ላይ ጨመቀና በጣቱ ቆንጥሮ ቀባት። የእሷ ወዲያው ሰረገ። የእሱ እጅ ላይ ግን እንዳለ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ ስንት ዓመት እጄን የነከርኩበት ነገር ነው» አለች ሚስትየው ወደ ባሏ እህት ዞራ። «ከላይ ተለጥፎ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።»

እትዬ ፊታቸውን አዞሩባት።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ሟች በትራስ ታፍኖ መሞቱን አረጋገጠ። ሻምበል ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አንዳችሁ እንኳ ፊቱን ልብ ብላችሁ አላያችሁም» አለች በምሬት። «ሽፋኑ ሲደርቅ ሰውየው በሕይወት ቢኖር ኖሮ ፊቱ ሲንቀሳቀስ ከንፈሩና ዓይኑ ጥግ ይሰነጠቅ ነበር። አንድም ስንጥቅ የለውም። የተቀባው ከሞተ በኋላ ነው። ቀማሚ ደግሞ የሚሞክረው ክንዱ ላይ ነው። የሰው ፊት መቀባት ሥራው የሆነው ማነው?»

የሁሉም ዓይን ወደ አፈ ቅቤ ዞረ። ሟች እምቢ ያለውን «ቆዳ ውስጥ ዘልቆ ያክማል» የሚል መለያ በሺህ የሚቆጠር አሳትሞ ነበር፤ ቀማሚው ሊያጋልጠው መዛቱንም ሚስቲቱ ታውቃለች።

ሻምበል ሁልጊዜ ቅባት የሚጨምቅበትን የአፈ ቅቤን ግራ እጅ ያዘችና ጀርባውን በጥፍሯ ጫረችው። ስስ ሽፋን ተላጦ ተነሳ።

«ታጥቤ ነበር እኮ» አለ፣ ሳያስበው።

«ውሃ እንዳያስለቅቀው አይደል ሟች ሲለፋ የኖረው?»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ወደ እሱ ሄደ። እትዬ እያለቀሱ የወንድማቸውን ሚስት ሊያቅፉ እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ከላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ከጠዋት ጀምሮ የነገርኩዎት ይህንኑ ነበር፣ እትዬ» አለች።