መስፉ የጮኸበት ሰው

በጅኒ፣ በመንፈስ፣ በቡዳ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከሁሉ በፊት ያዙልኝ። በተለይ በቡዳ። ቡዳ የሚባል ነገር ቢኖር ኖሮ ከማንም ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ነኛ! ወሎ ሳለን ሴቶቹ ከአባቴ ማጭድ ሊገዙ ሲመጡ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፣ ዓይናችን እንዳይበላቸው ብለው። እመኑኝ፣ እኛ ቤት የሚበላው ሽሮ ነበር፣ እሱም ሲገኝ።

በደርግ ጊዜ በሰፈራ ወደ አሶሳ ስንመጣ ሰባት ዓመቴ ነው። ከቀዬአችን የተጫነው ሁለት ቤተሰብ ብቻ ነበር፣ የኛና የይመር። ይመር እኩያዬ ነው፣ ያን ሁሉ መንገድ በአንድ ብርድ ልብስ ተሸፍነን ነው የመጣነው። አባቴ መስፉን፣ ያን የጋለ ብረት የሚቀጠቀጥበትን ወፍራም ብረት ማለቴ ነው፣ በጋቢ ጠቅልሎ፣ ለጠየቀው ሁሉ «የወፍጮ መጅ ነው» እያለ አመጣው። አሶሳ ከደረስን በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ መዶሻ አላነሳበትም። እዚህ ማንም አያውቀንም፣ ገበሬ ሆነን እንኖራለን አለ፣ እኛም ሆድ ይፍጀው ብለን ኖርን።

እኔና ይመር አድገን ብየዳ ከተማርን በኋላ፣ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር የራሳችንን ብየዳ ቤት ልንከፍት ስንል አባቴ ጠራን። መስፉን ከአልጋው ስር አስወጣንና የሁለታችንንም እጅ አስቀመጠበት። «ዝም በሉ፣ የኔን ነገር ለማንም አታውሩ። የከዳኝን ይጩህበት» አለ። ያኔ ጥርስ አልነበረውም፣ ንግግሩ አየር ይበዛበት ነበር፣ ግን እኔ የሰማሁት እንዲያ ነው። እሱ ሲሞት መስፉን ወስደን ብየዳ ቤታችን ውስጥ ግንድ ላይ አስቀመጥነው፣ የተጣመመ ፌሮ እናቀናበታለን፣ ሻይ እናስቀምጥበታለን።

ሥራችን ጥሩ ነበር። ምሰሶውን፣ ቱቦላሬውን፣ የጣሪያውን ብረት የምገጥመው እኔ ነኝ፣ ይመር ደግሞ እጁ ላይ ጥበብ አለ፣ ደረቅ ብረት አጣጥፎ አበባና ሐረግ ያወጣል። አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልንገራችሁ፣ አባቴ በከሰልና በወናፍ ሲሠራው ቡዳ፣ እኔ በመብራት ስሠራው ኢንጂነር።

አንድ ነጋዴ፣ እሱም የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነው፣ የግቢ በር አሠራንና ልንሰቅል በሄድን ቀን ልጄ ሀያት ምሳ አመጣችልን። የነጋዴው ልጅ የይመርን አበባ ሊያይ ወጥቶ ሀያትን ሲያይ ዋለ። ምን ላርዝምባችሁ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ አልን፣ ሰርጉ ክረምት ሲወጣ ይሁን ተባለ። ሀያት ብቻዋን ስትዘፍን የሰማኋት ያን ሰሞን ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ይመር ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል፣ እኔ የተበየደ መስኮት በእጅ ሞረድ እሞርዳለሁ። ነጋዴው ከመኪናው ወርዶ እየሮጠ ገባ። ዝናቡ ከመጮሁ የተነሳ ጆሮዬ ስር ገብቶ ነው ያወራኝ።

«ከቀዬአችሁ አብሯችሁ የመጣ ሰው አንድ ነገር ነገረኝ። አባትህ ቀጥቃጭ ነበር አሉ። እኔ ምንም አልል፣ ወንድሞቼ ግን ይህን ከሰሙ ልጆቹ አይጋቡም።»

ከቀዬአችን አብሮን የመጣ! ከይመር ሌላ ማን ቀርቶ? ወላጆቹ ሞተዋል፣ ወንድም የለው፣ እህት የለው። ወዲያው የሀያት ፊት መጣብኝ፣ እጄን አጠገቤ ያለው መስፍ ላይ ጣል አደረግኩና «ወላሂ አባቴ ገበሬ ነበር! ብረት ነክቶ አያውቅም!» ብዬ ጮኽኩ። መዳፌን ነዘረኝ። ከማሽኑ ኮረንቲ ያፈሰሰ መሰለኝና እጄን ቶሎ አነሳሁ። ሰውየው አየት አድርጎኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወጣ። አምኖኛል።

ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ቀጥ አለ። ማሽኑን ላስነሳ ስል መብራት የለም። መንገዱ ዳር ያሉት ብየዳ ቤቶች ሁሉ ጸጥ ብለዋል፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ብቻ ነው የሚሰማው። ይመር ይህን ጊዜ ነው የረጠበ ጃኬቱን እያራገፈ የገባው።

«እንድሬ፣ ምን ሆንክ? ፊትህ ጠቁሯል።»

«ለነጋዴው ምን ነገርከው?»

«እኔ? ኧረ በአላህ! ምኑን?»

«የአባቴን ነገር ካንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፣ ይህቺን በደንብ አስታውሳታለሁ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ መስፉ ላይ አሳረፈና «ወላሂ፣ ከኔ አፍ አልወጣም» አለ።

መስፉ ላይ ስሞርድ የወደቀ የብረት ብናኝ ነበር። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው፣ እንደሚቆላ ሰሊጥ ዘለል ዘለል አለ። ነፋስ ነው ብዬ በሩን አየሁ፣ ነፋስ የለም። ቀጥሎ የሻይ ብርጭቆው ውስጥ የቀረችው ሻይ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ መጣ። ቅል፣ ቅል፣ ቃ። ሁለት ቀላል፣ አንድ ከባድ። የአባቴ ምት ነው፣ ከሰባት ዓመቴ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው፣ ግን በሺህ መዶሻ መሐል ብሰማው የምለየው። መዶሻችን ግድግዳው ላይ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ዞሬ አየሁት፣ አልተነቃነቀም። ቅል፣ ቅል፣ ቃ። ይመር እጁን መንጭቆ ደረቱ ላይ ያዘው፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሰማህ አይደል? አባቴ ምን ነበር ያለው? ውጣልኝ!»

«እንድሬ፣ አባትህ እኮ ያኔ ያለው...» ብሎ ጀመረ፣ አላስጨረስኩትም። ገፍቼ አስወጣሁት። በአንድ ብርድ ልብስ አብሮኝ የመጣ፣ ከአንድ ሳህን አብሮኝ የበላ ሰው ከዳኝ፣ ያውም በልጄ መጣብኝ። አባቴ ሲሞት እንኳ እንደዚያን ቀን አላለቀስኩም።

ከጎናችን የከርከዴ ሻይና የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጡ አንድ የበርታ ሽማግሌ አሉ፣ ሐጂ ነው የምንላቸው። ሱቃቸውን ሲዘጉ ብቅ አሉ።

«ኢንጂነር፣ ዛሬ መብራት የለም፣ አንተ ግን ብረት ይመታል። ሁለት ጊዜ ይመታል።»

«አንድ ጊዜ ነው፣ ሐጂ» አልኩ፣ ምን ልበል?

«ላ፣ ሁለት። አንድ አሁን። አንድ ደግሞ ዝናብ ጊዜ፣ ያ ሰውዬ መኪና ያለው የመጣ ጊዜ። እሱ ይበልጣል፣ ወላሂ፣ የኔ ጠርሙስ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።»

«በዚያ ዝናብ እንዴት ሰሙት?»

«ከላይ አይደለም የመጣ። ከመሬት ነው የመጣ።»

መብራቱ መቼ እንደሄደ ጠየቅኳቸው። ሰውየው ሳይመጣ በፊት ነው አሉ፣ ፍሪጃቸው ጠፍቶ ነበር። ታዲያ መዳፌን የነዘረኝ ምኑ ኮረንቲ ነው?

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአባቴን ቃል እያላመጥኩ ውዬ እያላመጥኩ አድራለሁ። «የከዳኝን» ነው ያለው ወይስ «የካደኝን»? ጥርስ ከሌለው አፍ የወጣን ቃል ማን ይለያል? የከዳው ይመር ይሁን፣ የካደውስ? ደብቁ ያለው ራሱ አይደል እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ዝም በሉ አለ እንጂ መቼ ካዱኝ አለ እላለሁ። ያን ቃል ከኔ ጋር የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ በእጄ ገፍቼ አስወጥቼዋለሁ። ቶንጎ ከተማ ገባ ይላሉ፣ ስልኩ አይሠራም። ሀያት «አጎቴ ይመር ለሰርጌ አይመጣም እንዴ?» ትለኛለች፣ ሥራ በዝቶበት ነው እላታለሁ።

ትናንት ነጋዴው ደወለ። ካማሺ ያሉት ወንድሞቹ ወሬው ደርሷቸዋል፣ ከኔው አፍ መስማት ይፈልጋሉ።

«ሐሙስ ብየዳ ቤትህ ይዣቸው እመጣለሁ» አለኝ፣ «ለኔ እንደማልክልኝ፣ እጅህን እዚያው ብረት ላይ አድርገህ ትምልላቸዋለህ፣ አለቀ፣ ሰርጋችንን እንበላለን።»

እሺ አልኩ። ሀያት ጓዳ ውስጥ እየዘፈነች ነበር፣ ሌላ ምን እላለሁ?

ክረምቱ ወጥቷል። አሶሳ ላይ ዝናብ ጠብ ካላለ፣ ቆርቆሮውም ካልጮኸ ሳምንት አልፎታል።