ዝቅ ብሎ የተመታው ምስማር

ቀይዋ መኪና እስክትመጣ ድረስ በነቀምቴ ከተማ በየበጋው ቤት ይቃጠል ነበር፤ ግን ማንም አይቆጥርም። በ1960 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱ አንዲት ያገለገለች የእሳት አደጋ መኪና ከአዲስ አበባ አስመጣ። አብሯት ስድስት ወር ሠልጥኖ የተመለሰ ዋጋሪ የሚባል፣ በፕሮቴስታንት ሚሲዮን ያደገ የአገሩ ልጅ መጣ። ከተማው ቃጠሎ መቁጠር የጀመረው ያኔ ነው።

«ማጥፋቱን ያስተማሩት ሰዎች መለኮሱንም ሳያስተምሩት አልቀሩም» አለች ከገበያው አጠገብ የምትኖረው አዴ ድርቤ።

እውነቷን ነው፣ አስተምረውታል። በሥልጠናው ግቢ በየሳምንቱ የእንጨት ጎጆ ሠርተው፣ ለኩሰው፣ መልሰው ያጠፉ ነበር። ዋጋሪ ይህን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ሰው የበለጠ የጠረጠረውም ስላልደበቀ ነው፤ ይህን የሚናገር ሰው የማይናገረው ስንት ነገር ይኖረው ይሆን?

ምንትዋብ መጀመሪያ ያየችው በአባቷ ሱቅ በር ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሲያሸት ነው። አባቷ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከሸዋ መጥተው የከተሙ ነጋዴ ናቸው፤ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ ይሸጣሉ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሱቁን የያዘችው እሷ ናት።

«ምን ፈለጉ?» አለችው።

«አካም ጅርታ እህቴ። ላምባ ሸተተኝ።»

«ላምባ ቤት ደጃፍ ቆመው ምን እንዲሸትዎ ፈለጉ? ሽቶ?»

«በደንብ የተከደነ ላምባ እንዲህ አይሸትም።»

ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መጋዘን አስገባችው። ስድስት በርሜል ተደርድሯል። የአንደኛው ክዳን አልገጠመም፤ አጠገቡ የባዶ ጆንያ ክምር አለ። ዋጋሪ ጆንያው ይነሣ፣ ክዳኑም ይጥበቅ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ጠብቆ እንደሆነ ሊያይ መጣ፤ ጠብቋል። በሦስተኛው ቀንም መጣ፤ አሁንም ጠብቋል። በአምስተኛው ቀን ክዳኑን ሳያይ ጠየቀ፣ እሷም ክዳኑን ሳታይ መለሰች።

«አልላላም» አለችው። «አንተ ካልፈታኸው ማን ይፈታዋል?»

ከእርስዎ ወደ አንተ መውረዷን ያወቀችው ከሄደ በኋላ ነው።

ምንትዋብም ጠረጠረች። ሰው አንድ ክዳን ለማየት ስድስት ጊዜ አይመላለስም። ወይ አባቷን የሚያስቀጣበት ነገር እየፈለገ ነው፣ ወይ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ስለዚያ ሌላ ነገር ስታስብ ጨው የምትመዝንበት ሚዛን አልቆም ይላታል፤ ያን ሰሞን ጨው የገዙ ሁሉ ተመርቆላቸዋል።

*

እሳቱ የተነሣው በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ዓቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ጥቁር ጭስ ሲወጣ ገበያው ተገልብጦ መጣ። እንስራ ያለው በእንስራ፣ ባልዲ ያለው በባልዲ ውኃ ይዞ ሮጠ።

ቀይዋ መኪና ከሁሉም በኋላ ደረሰች ቢባል አንድ ነገር ነበር፤ ቶሎ ደረሰች። ይህም ተያዘበት። ዋጋሪ ከመኪናዋ ዘሎ ወረደና ቆመ፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ያይ ነበር። መቆሙም ተያዘበት። ቀጥሎ እጁን ዘርግቶ ጮኸ፦

«ውኃ አትድፉ! ላምባ ነው! ውኃ አትድፉ!»

የሚነድ ላምባ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውኃው ወደሄደበት ተከትሎ ይሄዳል። በቦዩ አድርጎ ወደ አዴ ድርቤ ቤት መሄድም ጀምሮ ነበር። ግን በዚያ ጩኸት መሀል ይህን ማን ይሰማል? ሰው የሰማው እሳት አጥፊው ውኃ ሲከለክል ነው።

«አዩት? አዩት?» አለች አዴ ድርቤ፣ ቤቷ እየተረፈላት።

ሾፌሩ ጨመዳ ቱቦውን ዘረጋለት። ከቱቦው አፍ ወፍራም ነጭ አረፋ ወጣ። ዋጋሪ አረፋውን እሳቱ መሀል አልወረወረውም፤ ግድግዳው ላይ እያሳረፈ፣ እንደ ብርድ ልብስ ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ እንዲሸፍነው አደረገ። ያልተቃጠሉትን በርሜሎች ጨመዳ በውኃ ያቀዘቅዝ ነበር። እሳቱ አየር አጥቶ ሞተ። ሁለት በርሜልና ጣሪያው ሄደ፤ ሱቁም፣ መኖሪያ ቤቱም፣ ሰውም ተረፈ።

አንድ መጥፎ ሽታ ግን ቀረ።

«ይኼ አረፋ ከምን ነው የሚሠራው?» ሲሉ ጠየቁ አቶ ሀብተጊዮርጊስ አፍንጫቸውን ይዘው።

ሌላ ሰው ቢሆን አላውቅም ይል ነበር። «ከቀንድና ከሰኮና ነው» አላቸው ዋጋሪ።

ገበያው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ።

«በጾም?» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «የማን ሰኮና? ማን ያረደው?»

ዋጋሪ ይህን በሥልጠናው አልጠየቀም።

በማግስቱ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሁለት ክስ ገባ። አንደኛው ዋጋሪ መጋዘኑን ስድስት ጊዜ አጥንቶ አቃጥሏል የሚል ነው። ሁለተኛው በዓቢይ ጾም ሰኮና ረጭቷል የሚል ነው። ሹሙ ዋጋሪን ጠርተው የእሳቱን መነሻ እስከ ሰኞ በጽሑፍ እንዲያቀርብ አዘዙት።

«ካላገኘህ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል» አሉት። «መነሻው ካልታወቀ መነሻው አንተ ነህ፤ ሰዉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

*

እሳቱ እንደጠፋ ዋጋሪ ማንም ምንም እንዳይነካ ተናግሮ ነበር። ሆኖም ንብረት የተቃጠለበት ቤት እንደ ልቅሶ ቤት ነው፤ ሰው ይመጣል። አመድ ላይ ደግሞ እንግዳ አይቀመጥም። ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች መጋዘኑን ጠርገው፣ ውኃ ረጭተው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ አግዳሚ ደርድረው ጠበቁት። ከሹሙ ዘንድ ሲመጣ ጣሪያ በሌለው መጋዘን ውስጥ ሃያ ሰው ተቀምጦ «እንኳን ነፍስ ተረፈ፣ ንብረቱን እግዜር ይተካ» ይላል።

«ማን ነው የጠረገው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ምንትዋብ። ጥቁር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

በሥልጠናው የተነገረው ትዝ አለው፦ መጀመሪያ ያጸዳውን ሰው መጀመሪያ ጠይቅ። አየችው፤ አያት። ያን ጊዜ ሁለቱም አንድ ዓይነት የጥርጣሬ ፊት ነበራቸው።

ጎንበስ ብሎ ሥራውን ጀመረ። ሁለት ሽማግሌዎች ጨዋታቸውን ሳያቋርጡ እግራቸውን አነሡለት። ወለሉ ቢጠረግም ግድግዳውን ማንም አልጠረገውም። እሳት ከተነሣበት ወደ ላይ እየሰፋ ይወጣል፤ ጥላሸቱን ወደ ታች ሲከተሉት እየጠበበ እየጠበበ አንድ ቦታ ያደርሳል። ከበርሜሎቹ ራቅ ብሎ፣ ጥግ ላይ፣ ጭቃው እንደ ሸክላ ቀልቶ ነበር። እዚያ የሳሙና ሣጥን ይቀመጥ እንደነበር ያስታውሳል። ከዚያ በላይ አንድ ምስማር አለ፤ ምስማሩ ላይ የሽቦ ቁራጭ ተንጠልጥሏል፣ የሥዕል ማንጠልጠያ።

ምስማሩ ዝቅ ብሎ ነው የተመታው። ቆሞ ለሚያየው ሰው አይሆንም። ዋጋሪ ተንበረከከ፤ ምስማሩ ልክ ከዓይኑ ትይዩ ሆነ።

«የሚሲዮኑ ልጅ ተንበረከከ!» አለ አንድ ለቀስተኛ። «ጥፋቱ ከበደው መሰለኝ።»

ዋጋሪ ቄጠማውን ገለጥ አደረገ። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ከነክሩ የረጋ ቢጫ ሰም አገኘ። በቢላዋ ጫፍ አውጥቶ ባዶ የክብሪት ቤት ውስጥ ከተተው፤ የክብሪቱን ቤት ኪሱ አደረገ።

ሁሉም ስለ ሰኮና ያወሩ ነበር። ያየችው ምንትዋብ ብቻ ናት።

ደጅ ተከትላው ወጣች። «ምን አገኘህ?»

«ተጠርጎ ምን ይገኛል?»

«ለእንግዳ ነው የጠረግነው።»

«ጥረጉ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ አልኩህ። ልታሳስረኝ ነው?» መንገዱን ዘጋችበት። «እሺ፣ ያን ሁሉ ቀን የመጣኸው ለዚህ ነበር? እኛን ልትመረምር?»

«ሳይቃጠል ምን ይመረመራል?»

«እኮ! ታዲያ ለምን መጣህ?»

ዋጋሪ ከበርሜሎቹ አንዱን አየ። «ክዳኑ…»

«ክዳኑ ተቃጥሏል። አሁንስ?»

ዋጋሪ የኪሱን አፍ ቆልፎ ሄደ። ምንትዋብም ሰኞ እስኪደርስ ስለዚያች ኪስ አሰበች። ያዘኝ አለች በልቧ። ስድስት ጊዜ ተመላልሶ፣ ልቤን አስከፍቶ፣ ያዘኝ።

*

ሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ሹሙ የዋጋሪን ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡ፦

«"መጋዘኑን መርምሬ የእሳቱን መነሻ ማወቅ አልቻልኩም።"» መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኼው ነው? ስድስት ወር ሠልጥነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ፖሊስ እንደሚረከብህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ምንትዋብ ከሴቶቹ መሀል አንገቷን ቀና አደረገች። የክብሪቱን ቤት አሁን ያወጣል፣ አሁን ያወጣል ብላ ስትጠብቅ አላወጣም። ሰኮናን ያልደበቀ ሰው ሰም ደበቀ። ከዚያ በኋላ መጠርጠር አልቻለችም፤ ብትፈልግም አልሆነላትም።

ተነሣች። «ኪሱ ይፈተሽ» አለች።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ አባቷ።

ዋጋሪ ኪሱን በእጁ ሸፈነ። «ምንትዋብ፣ ተይ።»

አንዱ ዘበኛ እጁን ለቀም አድርጎ የክብሪቱን ቤት አወጣ። «ክብሪት! ይኸው ክብሪት!» ተባለ። አዴ ድርቤ ከመደሰቷ የተነሣ እልል ልትል ትንሽ ቀራት። ሹሙ ሲከፍቱት ሰም ሆነ።

«ጧፍ ነው» አለች ምንትዋብ። «የለኮስኩት እኔ ነኝ። የእናቴን የማርያም ሥዕል ጥጉ ላይ ሰቅዬ፣ በየቀኑ በቀትር አበራ ነበር። ሰባት ቀን ነው የተሳልኩት፤ በአምስተኛው ቀን አባዬ ሲጠሩኝ ሳላጠፋው ወጣሁ። ሥዕሏም ተቃጠለች።» በእጇ ዋጋሪን አመለከተች። «አመዱን ያስጠረግሁት ፈርቼ ነው። ይህ ሰው አውቆ ነው የተወኝ።»

«ላምባ ቤት ውስጥ ጧፍ?» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «የምን ስለት ነው እንዲህ የሚያስደብቅ?»

ምንትዋብ መሬት መሬት አየች።

«ክዳኑ ጠብቋል ብሎ መምጣቱን እንዳይተው ነው» አለች።

ጨመዳ ከኋላ ሳለ። ዋጋሪ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ይታይ ነበር። ሹሙ ብዕራቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ልጃቸውን አዩ፣ ዋጋሪን አዩ፣ ሰሙን አዩ። በመጨረሻም የቀራቸውን ክስ ያዙ፦

«የሰኮናውስ ክስ?»

«እሱ የቤተ ክህነት ነው» አሉ ሹሙ።

*

ካህኑ መጋዘኑን ጠበል ረጩ፤ ሰኮናው በዚያ አለቀ። የልጅቱ ነገር ግን ዓመት ፈጀ። ዋጋሪ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። በመጀመሪያው አቶ ሀብተጊዮርጊስ በር አልከፈቱም። በሁለተኛው «ሃይማኖታችን ለየቅል ነው» አሉ። በሦስተኛው ደክመው «መጋዘኔ ከተቃጠለበት ነገር ጋር አልዛመድም» ቢሉ፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ የመጣችው አዴ ድርቤ «ያቃጠለችው የእርስዎ ልጅ ናት፤ ዝምድናውን ቢፈራ እሱ ይፍራ እንጂ!» አለቻቸው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሳይፈልጉ ሳቁ። ሽማግሌ ደግሞ የሳቀ ሰው እምቢ አይልም ብሎ ሳቁን እንደ እሺታ ይዞ ተቀመጠ።

ጋብቻቸውን በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ በሹሙ ፊት ፈረሙ። አባትየው መጡ። በምስክርነት ከመፈረማቸው በፊት ለድግሱ በተጣለው ዳስ ውስጥ ስንት ባልዲ አሸዋ እንዳለ ጠየቁ።

አዲሱ ቤት በገቡ በሳምንቱ ምንትዋብ ጥጉን ስታይ ቆይታ፣ «ሁለት ቀን ይቀረኛል» አለች።

ዋጋሪ የምን እንደሆነ አልጠየቀም። ወጥቶ የማርያም ሥዕል ገዝቶ መጣ። መጋረጃውን ጠቅልሎ አሠረ፣ አልጋውን ራቅ አደረገ፣ ሰፊ ቆርቆሮ ውስጥ አሸዋ ሞላ። ምስማሩን ሲመታ ተንበርክኮ ለካው፤ ዝቅ አድርጎ መታው። ከዚያ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

«መቼም አታምነኝ» አለችው ጧፉን አሸዋው ላይ እየተከለች።

«አንቺን አምናለሁ። የማላምነው ጧፉን ነው። ዓይኔን ከእሱ አላነሣም።»

ምንትዋብ ለኮሰች፣ አማተበች፣ ጸሎቷን ጀመረች። መሀል ላይ ግን ጠረጠረች፤ ሳታስነቃ በዓይኗ ጥግ አየችው።

ጧፉን እያየ አልነበረም።