ጉሮሮ የሚቆነጥጥ ዘይት

ተመራማሪዋ አናጺውን የጠላችው ገና አፉን ሳይከፍት ነበር። ከከፈተ በኋላማ አይነሳ።

ለጥናቱ ፈቃደኛ የሆኑት ሰዎች በረዥሙ ክፍል ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ እሱ የተሰጠውን ወንበር ገልብጦ እግሩን ይነቀንቅ ነበር።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችው።

«ይወላገዳል። ሰው ይዞ ሳይወድቅ ብዬ ነው።»

«እዚህ የሚመረመረው ደም ነው፣ ወንበር አይደለም። ይቀመጡ!»

«በየትኛው ላይ?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። የእሷ ፊት ግን ቲማቲም መሰለ። አብረውት የመጡት አክስቱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ‹እትዬ› ይላቸዋል። ስለ ጥናቱ ሰምተው መጀመሪያ የተመዘገቡትም እሳቸው ሲሆኑ፣ እሱ የተመዘገበው ብቻቸውን ላለመስደድ ነው።

ተመራማሪዋ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ማስረዳት ጀመረች። የወይራ ዘይት ውስጥ ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። አንቲኦክሲዳንት ናቸው፤ ማለትም በደም ውስጥ ያለው ስብ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ እንዳይበላሽ ይከላከላሉ። ግን ከምንውጠው ውስጥ ምን ያህሉ አንጀትን አልፎ ሰውነት ውስጥ ይገባል? ይህን ለማወቅ ግማሹ ሰው ፖሊፌኖል የሞላበትን ዘይት፣ ግማሹ ተጣርቶ ፖሊፌኖሉ የወጣለትን ይወስዳል። ጠርሙሶቹ ሁሉ ጥቁር ናቸው። የትኛው ለማን እንደደረሰ ጥናቱ እስኪያልቅ እሷም ራሷ አታውቅም። ዘይቱን ጠዋት ጠዋት በየቤታቸው ይጠጣሉ፤ በየሳምንቱ ደግሞ እዚህ መጥተው ደምና ሽንት ይሰጣሉ።

«አንድ ጠብታ እንዳይቀር!» አለች የመጀመሪያውን ማንኪያ እያቀበለች።

አክስቱ ዋጥ እንዳደረጉ እንባቸው እስኪወርድ ሳሉ። አናጺው የራሱን እንደ ውሃ ጭልጥ አደረገው።

«እትዬን ምን አጠጣሻቸው፣ ወይዘሪት ጠብታ?» አለ።

ስሙ እዚያው ጸደቀላት። ሳምንት ሳይሞላ ከመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ጀምሮ ሁሉም ወይዘሪት ጠብታ ይላት ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ሳይነካከሱ የተለያዩበት የምርመራ ቀን የለም። እሱ ስታዘው ይበሳጫል፣ እሷ ሲቀልድ ትበግናለች።

«ደሜን ስትቀጂ ፊትሽ የሚፈካው ለምንድን ነው?» አላት አንድ ቀን።

«ከእርስዎ ውስጥ የማይለፈልፈው ደምዎ ብቻ ስለሆነ።»

መሳቅ እንዳማረው አየችበት፤ ግን አልሳቀም። ይልቁንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። «ቆይ ግን፣ ይሄ ፖሊ ምናምን ከገባ በኋላ የት ነው የሚሄደው?»

ከልቡ እንደጠየቀ ገባትና ከልቧ መለሰችለት። ትንሹ አንጀት ይቀበለዋል። አንጀትና ጉበት ተባብረው መልኩን ይለውጡታል። ጥቂት ሰዓት ከደም ጋር ይዞርና አብዛኛው በሽንት ይወጣል።

«ለጥቂት ሰዓት ነው ይሄ ሁሉ ግርግር?»

«በየቀኑ ከተመለሰ ጥቂት ሰዓት ቀላል አይደለም» አለች።

መርፌውን ከክንዱ ካወጣች ቆይታለች፤ ጥጥ የያዘው እጇ ግን እዚያው ክንዱ ላይ ቀርቷል። እሱም ክንዱን አልሰበሰበም። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ደንግጣ ጥጡን በኃይል ጫነችው።

«ኧረ ቀስ!»

«እንግዲያው ራስዎ ይያዙት!»

ያን ቀን ስትነጫነጭ ዋለች። ወዳዋለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። እሱን የመሰለ ነገረኛ መውደዷ ደግሞ ከነገረኛነቱ ይበልጥ አበሳጫት።

ጥናቱ አልቆ የጠርሙሶቹ ምስጢር ሲገለጥ፣ ፖሊፌኖል የሞላበት ዘይት የደረሳቸው አክስቱ ሆነው ተገኙ። ሽንታቸው ውስጥ ግን ምልክቱም የለ። ተጣርቶ የወጣለትን ሲጠጣ ከረመ የተባለው አናጺ ደግሞ ሽንቱ ሞልቶ ተትረፍርፏል። ምርመራውን ደገመችው። ያው ነው። ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ገሰገሰች።

«ምን አድርገህ ነው?» አለችው ከበሩ። ‹እርስዎ› መንገድ ላይ ቀርቷል።

መላጊያውን አስቀመጠ። «ጠርሙሶቹን ነው? ለወጥኳቸው። ጠዋት ጠዋት እትዬ ዘይቱ ጉሮሯቸውን እያቃጠላቸው ያለቅሳሉ። እንተወው ስላቸው፣ ‹ልጅቷን አላሳፍራትም› አሉ። የእኔ ደግሞ አያቃጥልም።»

«የሚያቃጥለው እኮ ራሱ ፖሊፌኖሉ ነው! ለምን አልነገርከኝም?»

«ለአንቺ? ወንበር ነካህ ብለሽ ላፈጠጥሽብኝ?»

«ድካሜን ሁሉ ገደል ከተትከው! ሁለተኛ ዓይንህን አያሳየኝ!»

አለቃዋ ግን ነገሩን ሲሰማ ጭንቅ አላለውም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ከወጡ ውጤቱ ከአጋጣሚ አይለይም። ስለዚህ መፍትሔ አበጀ። «በየቀኑ ተለዋውጠን ጠጥተናል ብሎ ይፈርም። እኛም ቦታቸውን እናቀያይራለን፣ አለቀ።» ውጤቱ ካማረ ስትመኘው የኖረችው የቋሚ ተመራማሪነት ቦታ የእሷ ነው። ካላማረ እርሟን ታውጣ።

ወረቀቱን ይዛ፣ ዓይኑን አያሳየኝ ወዳለችው ሰው ተመልሳ ሄደች። አናጺው ቆሞ አነበበው፤ ከዚያም ቀና አለ።

«አልፈርምም።»

«ምን አልክ?»

«‹በየቀኑ› ይላል። በየቀኑ አይደለም። መሃል ላይ እትዬን ጸጸት ይዟቸው የራሳቸውን ሲጠጡ ነበር፤ እንደገና አስተውኳቸው። መቼ እንደነበር እሳቸውም እኔም በቅጡ አናስታውስም።»

«በምርመራው እንኳ ያልታየ ጥቂት ቀን ነው!»

«ይሁና። የማላውቀውን አልፈርምም።»

ተመራማሪዋ ጮኸች። «ውሸትህ ሲጎዳኝ ስትዋሽ ከረምክ! ዛሬ ሲጠቅመኝ ጻድቅ ሆንክ!»

«ያኔ የማስበው ለእትዬ ብቻ ነበር። አሁን ለአንቺም አስባለሁ። የእኔ ውሸት ያለበት ሥራ ላይ ስምሽ እንዲሰፍር አልፈልግም።»

«ማን አስብልኝ አለህ?»

«ማንም። እወድሻለሁ። ባልወድሽማ ፈርሜ እገላገልሽ ነበር!»

ወረቀቱን ከእጁ መንትፋ ወጣች። በሩን ያላተመችው መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ነው። መንገዱን ሙሉ ስትረግመው ሄደች፤ መሥሪያ ቤቷ ስትደርስ ግን የምትረግመው ራሷን ሆኖ ተገኘ። አልፈርምም ማለት የነበረባት እሷ ነበረች። ያን ወረቀት ሲሰጣት አለቃዋ ፊት አንድ ቃል ሳትተነፍስ ተቀብላ የሄደችው እሷ ናት።

«ሁለቱም ከጥናቱ ይወጣሉ» አለችው አለቃዋን። «የሆነውም እንደሆነው ይጻፋል።»

አለቃዋ ጠረጴዛ ደበደበ። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠው። ጥናቱ እንደ አዲስ እንዲጀመር ሲወሰንም፣ እሷ ማንኪያ እያጠበች ዘይት እንድታቀብል ተመደበች። የዚያን ዕለት አለቀሰች፤ ውሸት የለበትም፣ ቦታውን በጣም ትፈልገው ነበር።

በማግስቱ እንጨት ሥራ ቤቱ ስትደርስ አክስቱም እዚያ ነበሩ።

«ጥናቱ እንደገና ይጀመራል» አለች ሰላምታም ሳትሰጥ። «ከእንግዲህ ዘይቱ የሚጠጣው እኛ ፊት ነው።»

«እኔ አለሁበት!» አሉ አክስቱ። «ጉሮሮዬን ቢልጠውም እውጠዋለሁ። በድዬሻለሁ፣ ልካስሽ።»

«አይቻልም፣ እትዬ።»

አናጺው ቱግ አለ። «እሳቸው ምን አደረጉ? ቂምሽ ከእኔ ጋር ነው!»

«ቂም አይደለም፣ ደንብ ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው ዘመድ መሳተፍ አይችልም።»

«እኛ ደግሞ የማን ዘመድ ነን?»

«የእኔ» አለች ፊቷን እንዳኮሳተረች። «ጥናቱ ሳይጀመር ትሆናላችሁ። እምቢ የምትል ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

አናጺው የያዘውን መላጊያ አስቀመጠ። ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ «እትዬ» አለ፣ «እስቲ ትንሽ ውጭ ይቆዩልን።»

«አልወጣም!» አሉ አክስቱ እንባቸውን እየጠረጉ። «ይህቺን ሳላይማ ንቅንቅ አልልም።»